አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ቁጥር፦ የባሕር ዳር መጻሕፍት መደብር ሶፍትዌር ወደ 13 አሃዝ የተሻገረበት ጉዳይ

ከዕቃ መዝገቡ ሁለት መስመር እናንሣ። ርእሱ አንድ ነው፤ ደራሲውም ዋጋውም አንድ። የመጀመሪያው መስመር መለያ ቁጥር 9994412345፣ ቀሪ 12 ይላል። የሁለተኛው 9994412341፣ ቀሪ ከዜሮ በታች 7። መደርደሪያው ላይ ያሉት ቅጂዎች ግን 5 ናቸው። (መለያ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተሠሩ ናቸው። ስሌታቸው ግን ትክክል ስለሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መፈተን ይቻላል።)

ከ12 ላይ 7 ሲነሣ 5 ይቀራል። የጠፋ መጽሐፍ የለም፣ የሰረቀም የለም። ሁለቱ መስመሮች አንድ መጽሐፍ መሆናቸውን ሶፍትዌሩ አያውቅም ነበር፤ ሠራተኛ ሲጠረጠር የከረመው በዚህ ምክንያት ነው።

መደብሩ ዋናው ባሕር ዳር፣ ቅርንጫፉ ደብረ ማርቆስ ነው። የሚሸጠው ድብልቅ ነው፦ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከውጭ የመጣ መማሪያ መጽሐፍ፣ ልብ ወለድና ታሪክ፣ ለአብነት ተማሪ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም፣ ለሕፃናት ፊደል ገበታ። ሶፍትዌሩ በአክሰስ (በማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም) ላይ የተሠራ አሮጌ ፕሮግራም ነው። የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር (በተለምዶ አይኤስቢኤን የሚባለው) 10 ፊደል በሚይዝ ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ ይኸው ዓምድ የመዝገቡ ዋና ቁልፍ፣ ማለትም አንዱን መጽሐፍ ከሌላው የሚለየው ነው። ግዢውም ሽያጩም ዝውውሩም የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አይኤስቢኤን አይኤስኦ 2108 በተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ 10 አሃዝ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ 13 ሆነ። ምክንያቱ ሁለት ነው። በአንዳንድ የቋንቋና የአገር ምድቦች ቁጥሩ ወደ ማለቅ ተቃርቦ ነበር፤ በዚያ ላይ ባርኮዱ ቀድሞውኑ 13 አሃዝ ስለነበረ ሁለቱን አንድ ማድረግ ተፈለገ። 99944 ለኢትዮጵያ የተሰጠ ምድብ ነው። ከ10ሩ አሃዝ 5ቱን ምድቡ፣ 1ዱን ማረጋገጫው (ቁጥሩ በስሕተት አለመጻፉ የሚፈተንበት የመጨረሻ አሃዝ) ሲወስዱት ለአሳታሚና ለርእስ የሚተርፈው 4 አሃዝ ነው፤ ማለትም በዚህ ምድብ ውስጥ ሊሰጥ የሚችለው በጠቅላላው 10,000 ቁጥር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ ነው፦ ባርኮዱ ከ2007 እ.ኤ.አ. በፊትም 978 ብሎ የሚጀምር 13 አሃዝ ነበር። በዚያ ዘመን የታተመ መጽሐፍ በውስጥ ገጹ 10 አሃዝ፣ በጀርባው ባርኮድ 13 አሃዝ ይዞ ይመጣል። የመጨረሻዎቹ አሃዞቻቸውም ይለያያሉ፤ የሚሰሉበት መንገድ የተለያየ ነውና።

የ10ሩ ስሌት እንዲህ ነው። የፊተኞቹ 9 አሃዞች በ10፣ በ9፣ በ8 እያሉ እስከ 2 ይባዛሉ። ለ999441234 ድምሩ 90+81+72+28+24+5+8+9+8 = 325 ይሆናል። ለ11 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ 11 እንዲሞላ 5 ይጎድላል። ያ 5 የመጨረሻው አሃዝ ነው። የጎደለው 10 ሆኖ ከተገኘ በቦታው ኤክስ ይጻፋል። የ13ቱ ደግሞ 978 ከፊት ይጨመርና 12ቱ አሃዞች በ1 እና በ3 እየተፈራረቁ ይባዛሉ፦ 9+21+8+27+9+27+4+12+1+6+3+12 = 139። ወደ 140 ለመድረስ 1 ይጎድላል። ቁጥሩ 9789994412341 ሆነ።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ እንመለስ። ስካነር ሲገዛ ዓምዱ ከ10 በላይ ስለማይቀበል ፕሮግራሙን የነካው ባለሙያ አቋራጭ ፈለገ፤ ከተነበበው ባርኮድ የፊተኞቹን ሦስት አሃዞች ቆርጦ ቀሪውን 10 ያስገባል። የመጨረሻውን አሃዝ እንደገና አላሰላም። ስለዚህ ግዢ ክፍል ከውስጥ ገጹ አይቶ በእጅ የመታው 9994412345 ሲሆን ካሸሯ በስካነር ያነበበችው 9994412341 ሆኖ ገባ። ሁለቱ ስሌቶች በአጋጣሚ አንድ አሃዝ የሚሰጡት ከ11 መጽሐፍ በአንዱ ላይ ያህል ነው። እንዲያውም ጉዳዩን ረጅም ጊዜ የሸፈነው ይህ ነው፤ አልፎ አልፎ በትክክል ስለሚሠራ «ስካነሩ ነው፣ ቆሽሿል» እየተባለ ታለፈ።

ቀሪውን የሠራው ሰው ነው። ወረፋ ሲበዛ ካሸሯ «ጋሼ፣ ይኸኛውን አላውቀውም ይላል» ትላለች፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አዲስ ክፈችለትና ሽጪ፣ ሰው አታስቁሚ።» አዲሱ መስመር ከዜሮ ይጀምራል፤ ሽያጩ ከዜሮ በታች ይወስደዋል። በመዝገቡ ውስጥ የኔጌቲቭ ቀሪ ብዛት የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ነው። ሌላ መደብር ተመሳሳይ ነገር ከጠረጠረ ከዚያ ይጀምር፦ ኔጌቲቭ የሆኑትን ሁሉ አውጥቶ የፊተኞቹን 9 አሃዞች ብቻ ይዞ አጣማጅ መፈለግ።

መደብሩን እንዲነቃ ያስገደደው ግን 979 ነው። ውጭ የሚኖሩ ደራስያን በአማዞን በኩል የሚያሳትሟቸው የአማርኛ መጻሕፍት በዘመድ ሻንጣ ባሕር ዳር ይደርሳሉ፤ ብዙዎቹ 979-8 ብለው ይጀምራሉ። 979-8 ለአሜሪካ የተሰጠ ምድብ ሲሆን 979 ለሚጀምር ቁጥር ሁሉ የ10 አሃዝ አቻ የሚባል ነገር የለም። ፕሮግራሙ ግን 979ንም ቆረጠው። 9798412345673 የነበረው 8412345673 ሆኖ ተቀመጠ። ዋጋ ያለበት ስቲከር ሲታተም ደግሞ ፕሮግራሙ ከፊት 978 ቀጥሎ፣ በዚህኛው በኩል ማረጋገጫውን እንደገና አስልቶ፣ 9788412345674 አወጣ። ይህ የስፔን ምድብ ነው። በጀርባው አንድ ባርኮድ፣ በስቲከሩ ሌላ ባርኮድ ያለው መጽሐፍ ተፈጠረ፤ ካሸሯ የትኛውን እንደምታነብ የሚወስነው እጇ ላይ የዋለው ጎን ሆነ።

ማጽዳቱ

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ነገር አለመንካት ነበር። ዳታቤዙ በሁለት ፍላሽ ተቀዳ፤ አንዱ ከመደብሩ ውጭ ተቀመጠ። የመስመሮቹ ብዛት፣ የቀሪው ድምርና የሽያጩ ድምር በወረቀት ተጻፈ። ከሥራው በኋላ የመስመሩ ብዛት ይቀንሳል፤ የሽያጭ ድምር ግን በአንድ ሳንቲም እንኳ መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ባለ 10 መስመር ሦስት ፈተና ተደረገ። አንደኛ፣ በ11 ስሌት ያልፋል ወይ? ካለፈ ከውስጥ ገጽ የተጻፈ እውነተኛ ባለ 10 ቁጥር ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛ፣ ከፊቱ 978 ቢጨመር ቁጥሩ ሳይነካ በ13ቱ ስሌት ያልፋል ወይ? ካለፈ የተቆረጠ ባርኮድ ነው። ሦስተኛ፣ 979 ቢጨመርስ? ሦስተኛው አሃዝ የሚባዛው በ1 ስለሆነ ከ8 ወደ 9 ሲለወጥ ድምሩ በ1 ይጨምራል፤ በመሆኑም አንድ ቁጥር በ978ም በ979ም ሊያልፍ አይችልም። ይህ ነገር ሥራውን በጣም አቀለለው።

9994412345 የመጀመሪያውን ብቻ ያልፋል፤ 9994412341 ሁለተኛውን ብቻ። አንደኛውንና ሁለተኛውን አብሮ የሚያልፍ መስመር አያስፈራም፤ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ የሚደርሰው አንድ 13 አሃዝ ላይ ነው። የሚያስፈራው አንደኛውንና ሦስተኛውን የሚያልፈው ነው። ከላይ ያየነው 8412345673 እንዲህ ያለ ነው፦ በ11 ሲፈተን ድምሩ 231 ሆኖ እኩል ይካፈላል፣ 979 ሲጨመርበትም ያልፋል። ስሌት ብቻውን ስፔናዊ ይሁን አሜሪካዊ አይነግርም። ለዚህ የተወሰደው ደንብ፦ በ8 የሚጀምርና ሁለቱንም የሚያልፍ መስመር በራስ ሰር አይለወጥም፤ መጽሐፉ ከመደርደሪያ ወርዶ ጀርባው ይታያል።

ሦስቱንም የወደቁት ተራ ቆሻሻ ናቸው፤ ግን ዓይነታቸው ያስተምራል። አንዱ ዓይነት 9 አሃዝ ብቻ ያለው ነው። ከኤክሴል የገባ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከፊቱ ያለችውን ዜሮ ጥሎ ነው የሚመጣው፤ ኤክሴል ቁጥር ብሎ ስላነበበው። ዜሮዋን መልሶ በ11 መፈተን ነው፤ ሆኖም የተሳሳተ ቁጥርም ከ11 አንዴ ስለሚያልፍ ርእሱ አብሮ ይታያል። ሌላው ዓይነት መጨረሻው ላይ «ሽ» የሚል ፊደል ያለበት ነው። መጀመሪያ ሲታይ ያስቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አማርኛ መጻፊያው እንደበራ ኤክስ ሲመታ በድምፅ በሚጻፈው ገበታ ላይ የሚወጣው ሽ ነው። ሽ ሁሉ ወደ ኤክስ ተመልሶ ተፈተነ። የቀሩት መለያ ቁጥር የሌላቸው መጻሕፍት ሲሆኑ ሠራተኞች በራሳቸው «ዳዊት 1»፣ «ዳዊት ትንሹ» እያሉ ቁልፍ የሰጧቸው ናቸው።

አዲሱ አቀማመጥ

በዚህ ጽሑፍ አቋም ዋናው እርማት ከ10 ወደ 13 መሄዱ አይደለም። መለያ ቁጥሩን ከቁልፍነት ማውረዱ ነው። ዓምዱን አስፍቶ 13 ማድረግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ ለውጥ ሲመጣ እንደገና ይፈርስ ነበር፤ ከዚያም በላይ መለያ ቁጥር የሌለው ዳዊት ሁልጊዜ በጓሮ በር ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ መጽሐፍ መደብሩ ራሱ የሚሰጠው ተራ ቁጥር አገኘ፤ ግዢና ሽያጭ በዚያ ላይ ተንጠለጠሉ። ባርኮዶቹ በተለየ ሰንጠረዥ ተቀመጡ፤ አንድ መጽሐፍ ሁለት ሦስት ባርኮድ ሊኖረው ይችላል፣ አሮጌው የተሳሳተ ስቲከርም ጭምር።

13ቱ አሃዝ በጽሑፍነት እንጂ በቁጥርነት አልተቀመጠም። የአክሰስ ረጅሙ ተራ ኢንቲጀር 2,147,483,647 ላይ ያበቃል፤ 13 አሃዝ አይገባበትም። ቢገባም በመለያ ቁጥር ላይ ማንም መደመር መቀነስ አይሠራም።

በሩ ላይ ደግሞ አንድ ተቆጣጣሪ ቆመ። በእጅም በስካነርም የሚገባ ነገር ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ክፍት ቦታና ሰረዝ ይነሣለታል። 13 ሆኖ በ978 ወይም በ979 ከጀመረ ማረጋገጫው ይሰላል። 10 ከሆነ በ11 ተፈትኖ ወደ 13 ይለወጣል። 18 ከሆነ የፊተኞቹ 13 ይወሰዳሉ፤ የኋለኞቹ 5 በአንዳንድ የውጭ መጻሕፍት ባርኮድ ጎን የምትታየዋ ትንሽ የዋጋ ባርኮድ ናቸው (90000 ካለች ዋጋ የለም ማለት ነው)። በ977 የሚጀምር መጽሔት ስለሆነ ወደ ሌላ ማውጫ ይሄዳል። 12 አሃዝ ከሆነ የድሮ የአሜሪካ የኪስ መጽሐፍ ጀርባ ሊሆን ይችላል፤ የፊት ሽፋኑን ገልጦ ከውስጥ በኩል 978 ያለውን ባርኮድ መፈለግ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ አይገባም። ካሸር አዲስ መስመር የምትከፍትበት አዝራርም ተነሣ፤ የማይታወቅ መጽሐፍ በ«ያልታወቀ» ተሸጦ ማታ በግዢ ክፍል ይስተካከላል። መጀመሪያ ላይ የተጉረመረመበት ይኼ ነው፤ ወረፋው ግን አልረዘመም።

እግረ መንገድ፦ የ13ቱ ማረጋገጫ ከ10ሩ ይደክማል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲቀያየሩ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 5 ከሆነ (1 እና 6፣ 2 እና 7) ስሌቱ አይይዘውም። የ11ዱ ስሌት ይይዝ ነበር። ስለዚህ በእጅ ሲመታ ፕሮግራሙ ርእሱን አሳይቶ «ይኸው ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ማዋሐዱና ፊደሉ

ጥንዶቹን ማዋሐድ ብዙ ሰዓት የበላው ክፍል ነው። የሁለቱን መስመር ቀሪ መደመር ትክክል የሚመስለው ቆጠራ ያልተደረገ እንደሆነ ብቻ ነው። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ ሠራተኛው መደርደሪያው ላይ 5 አይቶ የመጀመሪያውን መስመር ወደ 5 አስተካክሏል እንበል፤ ኔጌቲቭ 7ቱን ግን ማንም አልነካውም። አሁን ቢደመር ከዜሮ በታች 2 ይወጣል። ስለዚህ መነሻው የመጨረሻው ቆጠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሁለቱም መስመር እንቅስቃሴ ብቻ ይደመራል፣ ከዚያ መደርደሪያው ይታያል።

መለያ ቁጥር የሌላቸውን በርእስ ማጣመር ሲሞከር ሞክሼ ፊደላት መጡ። አንዱ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ስነ ፅሁፍ»፣ ሦስተኛው «ሥነ-ጽሁፍ» ብሎታል። ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚያገለግል ድብቅ ዓምድ ተሠራ፦ ሐ፣ ኀ እና ሃ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ይመለሳሉ፤ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብና ክፍት ቦታ ይጠፋሉ። በስክሪን የሚታየው ርእስ ግን በሽፋኑ ላይ እንደተጻፈው ይቀራል። የደራሲን አጻጻፍ ማረም የሶፍትዌር ሥራ አይደለም።

ስቲከሩ

መለያ ቁጥር ለሌላቸው መጻሕፍት በ20 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ተሰጠ። ከ20 እስከ 29 ያለው መነሻ ለውስጥ አገልግሎት የተተወ ስለሆነ ከማንም ጋር አይጋጭም፤ በ978 የሚጀምር የቤት ሠራሽ ቁጥር ግን የሌላ ሰው ንብረት መውሰድ ነው። የመጀመሪያው 2000000000015 ነው፤ የመጨረሻዋ 5 በ13ቱ ስሌት የመጣች ናት።

ስቲከሩ ታትሞ አላነብ ያለው ግን ቁጥሩ ጠፍቶ አይደለም። ባርኮዱ ግራና ቀኝ ካለው ነጭ ኅዳግ ጋር የቀጭኗ መስመር ስፋት 113 እጥፍ ነው። የመደብሩ ቴርማል (በሙቀት የሚያትም) ማተሚያ 203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 203 ነጥብ) ሲሆን አንዷ ነጥቡ 0.125 ሚሊ ሜትር ናት። ቀጭኗን መስመር በ2 ነጥብ ካተመ 0.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከሚፈቀደው ዝቅተኛ 0.264 በታች ነው። በ3 ነጥብ 0.375 ይሆናል፣ ጠቅላላ ስፋቱም ወደ 42.4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ተገዝቶ የነበረው ስቲከር ደግሞ 40 በ30 ሚሊ ሜትር! ኅዳጉ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። 50 በ30 ተገዛ፣ በ3 ነጥብ ታተመ፣ አነበበ።

የደብረ ማርቆስ ሰንጠረዥ

ቅርንጫፉ የሳምንቱን ሽያጭ በኤክሴል አድርጎ በቴሌግራም ይልካል። ዓምዱ በቁጥርነት ከተተወ ኤክሴል 9789994412341ን 9.78999ኢ+12 ብሎ ያሳየዋል። ማሳየቱ ብቻ ቢሆን አይጎዳም፤ ፋይሉ በሲኤስቪ (በተራ የጽሑፍ ፋይል) ሲቀመጥ ግን የሚጻፈው የሚታየው ነው። ሲከፈት 9789990000000 ይሆናል። በ99944 ምድብ የወጡ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ሁሉ የሚጀምሩት በ97899944 ነውና በአንድ ሳምንት ሪፖርት ውስጥ ያሉ የዚህ ምድብ ርእሶች በሙሉ አንድ ቁጥር ሆነው ባሕር ዳር ይደርሳሉ። ስካነሩ ትንሿን ባርኮድ ጨምሮ 18 ካነበበ ደግሞ ኤክሴል ከ15ኛው አሃዝ በኋላ ያሉትን ሦስቱን ወደ ዜሮ ይለውጣቸዋል፤ እዚያ ግን የተጎዳችው የዋጋዋ ባርኮድ ብቻ ናት። መፍትሔው ዓምዱን አስቀድሞ ጽሑፍ ብሎ መሰየም፣ ፋይሉን በሲኤስቪ አለመላክ፣ ስካነሩ ላይም ትንሿን ባርኮድ እንዳያነብ ከመመሪያው ወረቀት ተገቢውን የማዘዣ ባርኮድ ማንበብ ነው። ይህ የማዘዣ ባርኮድ እንደ ስካነሩ ሥሪት ይለያያል።

ሽግግሩ የተደረገው ከሰኔ 30 ቆጠራ ቀጥሎ በሐምሌ ነው፤ ተማሪ የለም፣ የመስከረም የመማሪያ መጻሕፍት ግዢም ገና አልገባም። ክረምት ስለሆነ መብራት ይቆራረጣል፤ የመለወጫው ፕሮግራም በመሃል ቢቋረጥ ግማሹ ተለውጦ ግማሹ እንዳይቀር ኮምፒውተሩ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ከሚሰጥ መሣሪያ) ጋር ተገናኝቶ ሥራው በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚፈጸምበት ወይ ምንም የማይለወጥበት አሠራር) ተጠቅልሎ ተሠራ።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። የደራሲ ኅትመት የሆኑ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት አንድ መለያ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለተኛው ሲታተም የመጀመሪያው ሽፋን ተወስዶ ባርኮዱ ሳይለወጥ የቀረ ነው። ቁጥሩን በትክክል የሚሰጠው የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ተቋም ሲሆን መደብር የታተመን ሽፋን ሊያርም አይችልም። ባርኮዱ ሲነበብ ስክሪኑ ላይ ሁለቱም ርእሶች ይወጣሉ፣ ካሸሯ በእጇ የያዘችውን ትመርጣለች። አሮጌው ባለ 10 ዓምድም አልጠፋም፤ እስከሚቀጥለው የሰኔ 30 ቆጠራ ድረስ ተቆልፎ በቦታው አለ።